የምታስቀምጥ ጥይት

በእኛ ጊዜ ጥይት ዛሬ በፊልም እንደምታዩት እንደ ዝናብ የሚረጭ ነገር አልነበረም። አራት ጥይት ያለው ሰው ባለጠመንጃ ይባላል፤ ዝናሩ የሞላ እንደሆነ ደግሞ ወይ ባላባት ነው ወይ ሽፍታ። እኔ ሁለት ነበረኝ፤ ሁለቱም የሰው። ታዲያ በእነዚያ በሁለቱ የሆነውን ልንገራችሁ።

ነገሩን ያመጣኸው አንተ ነህ ናሆም። ስልክህን ይዘህ መጣህና "አባባ ሀብቴ፣ ለድኩላ የትኛው ጥይት ይሻላል?" አልከኝ። እዚያ ላይ ፈረንጁ ምን ይላል? ቶሎ የሚገድለው ይሻላል፣ በቆመበት የሚጥለው ይሻላል ይላል አይደል? ለእሱ ልክ ነው። እኔም ሃያ ሁለት ዓመቴ ላይ እንደዚያው መስሎኝ ነበር።

እኔና እህቴ ዘነበች ከጉራጌ አገር ነው የመጣነው። አባትና እናታችን በአንድ ክረምት ሄዱ። እሱን እለፉት። እኔ ዐሥራ አምስት፣ እሷ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ኮልፌ የአጎታችሁ ልጅ አለ ተባልን፣ መጣን፣ ስንደርስ የአጎታችን ልጅ የለም። የት አደራችሁ፣ ምን በላችሁ ትሉኝ ይሆናል። አደርን፣ በላን። እሱንም እለፉት። ብቻ ከብዙ ነገር በኋላ አንድ ብረት ቤት ገባሁ፤ በርና መስኮት የሚሠራበት ነው፣ ባለቤቱ ጋሽ ብርሃኑ ይባላል። ሥራዬ መሞረድ ነበር። ጠዋት ሞረድ፣ ከሰዓት ሞረድ። ይኸው እጄን እዩት፣ ይኼ ሁሉ ጠባሳ የዚያ ነው።

ታዲያ ዘነበች አደገችና የአቶ ሽብሩ ልጅ ጠየቃት። አቶ ሽብሩ የቆዳ ነጋዴ ነበሩ፤ ጿሚ፣ የማኅበር ሰው፣ ቃላቸው አንድ፣ በሃይማኖት ነገር ግን ለገዛ ወንድማቸውም የማይመለሱ። ልጁ ጨዋ ነው። ሽማግሌ ላኩ፤ አባቷም እኔ፣ እናቷም እኔ፣ እሺ አልኩ። ሠርጉ በጥር፣ እሑድ ቀን ሆነ።

ጎረቤቱ ተባበረ። እንጀራው ከዚህ ቤት፣ ጠላው ከዚያ ቤት፣ ዳሱን ጎረምሶቹ ጣሉ። ሥጋው ግን የሙሽራዋ ቤት ነው፤ ሥጋ ማንም አያዋጣልህም። ሥጋ የሌለበት ሠርግ ከሆነ ሰው ምን ይላል መሰላችሁ? "ወላጅ የሌላት መሆኗ ታወቀ" ነው የሚለው። ሌላ ምንም አይልም። ይህችኑ ብሎ ይሄዳል፣ እሷ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ይዛት ትኖራለች። እሷም ይህን ታውቃለች። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ምስር ትለቅማለች።

"ምንድን ነው ይኼ ሁሉ?" አልኳት።

"ለሠርጉ ነዋ። ምስር ወጥ፣ ሽሮ፣ ጎመን። ምን አለበት? ጾም ነው እንላቸዋለን።"

"በጥር የምን ጾም?"

"የእኛ ቤት ጾም!" አለችና ሳቀች።

ሳቋን አልወደድኩትም። "ሥጋ አመጣለሁ" አልኳት። ከየት አላለችኝም። እሱ ነው የከበደኝ፣ ከየት አለማለቷ።

ጎረቤታችን ባሻ ይመር የሚባሉ ጡረተኛ ወታደር ነበሩ። ቤልጅግ ጠመንጃ አላቸው። ወጨጫ ተራራ ላይ ደግሞ ኦቦ ፈይሳ የሚባል ወዳጅ አላቸው፤ ወንዝ ዳር ጎመን የሚያለማ ገበሬ ነው። ድኩላ ከጫካው እየወረደ ጎመኑን ይጨርስበታል፣ እሱ ወደ ባሻ ይልካል፣ ባሻ ይወጣሉ፣ ይተኩሳሉ። ያን ዓመት ግን ዓይናቸው ደክሞ ነበር፤ ሩቁ ይደበዝዝባቸዋል። ጠመንጃቸውን የምወለውል እኔ ነኝ፣ መተኮስም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ሄድኩና ነገርኳቸው።

ባሻ የሚናገሩት ሁሉ ትእዛዝ ነው። እንደምን አደርክም ሲሉ ትእዛዝ ነው።

"ቁም!" አሉኝ። ቆምኩ። "ተቀመጥ!" ተቀመጥኩ። "የድኩላ ሰኮናው ምንድን ነው?"

"ስንጥቅ ነው።"

"ያመሰኳል ወይስ አያመሰኳም?"

"ያመሰኳል።"

"ታዲያ ከበግ በምን ያንሳል? አርብ እንወጣለን። አንተ ትተኩሳለህ፣ እኔ አዝዛለሁ!"

ከአልጋቸው ሥር የቆርቆሮ ሣጥን ጎትተው አወጡና ጥይቶቻቸውን በርጩማ ላይ አንድ ባንድ አቆሙ። ሁለት ዓይነት ነበሩ፤ ሁለቱም ለዚያ ጠመንጃ ይሆናሉ። አንደኛዋ ራሷ ሾጣጣ ነው፣ እንደ ወስፌ። ሁለተኛዋ ራሷ ድቡልቡል፣ ወፍራም፣ እንደ አውራ ጣት።

"ምረጥ!"

ሾጣጣዋን አነሳሁ። ታምራለች።

"አስቀምጥ! እሷ ለሰው የተሠራች ናት፣ የጦር ሜዳ ናት። ድኩላን በዚህ ገብታ በዚያ ትወጣለች። እሱ ምንም እንዳልሆነ ሁለት ሸለቆ ተሻግሮ እዚያ ይሞታል። ማን ያገኘዋል?"

"እኛ?"

"ጅብ!" አሉ። ከዚያ ድቡልቡሏን አነሱና ዓይኔ ሥር አመጧት። "ይህች ትከሻ ትሰብራለች። ትከሻው የተሰበረ ድኩላ ይቀመጣል። ይቀመጣል እንጂ አይሞትም። ስማኝ ሀብቴ፣ የምትገድል ጥይት አንፈልግም! የምታስቀምጥ ነው የምንፈልገው። የጥይት ሥራ ድኩላውን ለቢላ ማቆየት ነው። ቢላ ሳይደርስለት የሞተ እንደሆነስ?"

"በክት።"

"በክት!" አሉና በርጩማውን በመዳፋቸው መቱት፤ ጥይቱ ሁሉ ወደቀ፤ እኔ ጆሮዬን ያዝኩ።

ሜሮን፣ አንቺ ትስቂያለሽ።

— ኧረ አባባ፣ ባሻ ናቸው ያሳቁኝ!

እናንተ ቤት ጸልያችሁ ትበላላችሁ፣ ጌታ ይባርካል፣ አለቀ። ደግ። ለእኛ ግን ያኔ፣ ለብዙው ሰው ዛሬም፣ እንስሳ ነፍሱ ሳትወጣ በስመ አብ ተብሎ ካልታረደ፣ ደሙ ካልፈሰሰ፣ በጥይትም ይሙት በገደል በክት ነው፣ አይበላም። ፈረንጁ ይህ የለበትም። እሱ ቀንዱን ግድግዳ ላይ ይሰቅላል፣ ስለዚህ ቶሎ የምትገድለውን ይመርጣል። እኛ ደግሞ ቶሎ የማትገድለውን። በሠርግ ላይ በክት ያበላ ሰው ኮልፌ ውስጥ ቤት አይኖረውም ነበር፤ እህቱም ባል አይኖራትም።

ታዲያ ባሻ ሁለት ድቡልቡል ጥይት ሰጡኝ። "አንዷ ለድኩላው፣ አንዷ ለጥፋትህ" አሉኝ። ጥፋት የለብኝም ልል ነበር። ተቀብዬ ኪሴ ከተትኳቸው።

ጥፋቱ የመጣው ሐሙስ ነው። ሥራ ላይ እያለሁ ጥይቶቹ ኪሴ ውስጥ ሲንኳኩ ጋሽ ብርሃኑ ሰማ። ይህ ሰው በወጣትነቱ የፈረንጅ አዳኞች ሹፌር ነበር፤ አንበሳ እንዲህ ሆነ፣ ጎሽ እንዲያ ሆነ ሲል ነው የሚውል።

"ኪስህ ምን ይላል? አሳየኝ እስቲ" አለኝ። አሳየሁት። ከንፈሩን ጣለ። "በዚህች ነው ድኩላ የምትመታው? ሀብቴ፣ ሞኝ አትሁን። የፈረንጆቹ ጥይት አፍንጫዋ ክፍት ነው፣ እርሳሱ በውጭ ይታያል። ሥጋ ውስጥ ስትገባ እንደ አበባ ነው ፍንድት የምትለው! በእሷ የተመታ አንድ እርምጃ አይራመድም። በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። በቆመበት ድፍት!"

"ከየት አመጣታለሁ?"

"እጅህ ላይ ያለው ምንድን ነው? ማንኪያ ነው?"

ሞረድ ነበር።

አስቡት እንግዲህ። አንድ እርምጃ አይራመድም! እኔ የምፈራው ምንድን ነበር? እንዳይሮጥብኝ ነው። ሌሊት በሕልሜ የማየው ጀርባውን ነው፣ ሲሮጥ፣ ሲሮጥ፣ ዘነበች ደግሞ ምስሯን ስትለቅም። ባሻ የሚፈሩት ሌላ፣ እኔ የምፈራው ሌላ። ሰው በፈራው በኩል ነው ምክር የሚገባው። አንዷን ጥይት በጨርቅ ጠቀለልኩና ሞርሳ ላይ፣ ብረት ጠምዝዞ በሚይዘው መንጋጋ፣ አሰርኳት፤ መዳቡ ተገፎ እርሳሱ እስኪታይ አፍንጫዋን ሞረድኳት። ልጆች፣ ጥይት ሞርሳ ላይ አይታሰርም። እጄን የተወልኝ እግዜር ነው። ሁለተኛዋን ላስር ስል በር የሚያስበይድ ሰው መጣና ተውኳት። ያን ሰው አላውቀውም፤ እስከ ዛሬ ግን እመርቀዋለሁ።

አርብ ጎህ ሲቀድ ከኮልፌ ወጣን፤ ከቀትር በኋላ ኦቦ ፈይሳ ቤት ደረስን። ገና ከሩቅ አይቶን እጁን ጭንቅላቱ ላይ አደረገ።

"ባሻ! ኧረ ያ ዋቃ! ጎመኔን ጨርሶ እኔን ሊበላኝ ሲል መጣህ!"

"ስንት ናቸው?" አሉ ባሻ።

"ሁለት ወንድ። አንዱ ሲመሽ ይመጣል፣ አንዱ ሲነጋ ይመጣል። ተራ ገብተው ነው የሚበሉኝ!"

ቆሎ ሰጠን፣ ውኃ ጠጣን፣ ጎመኑ ዳር ካለ ቁጥቋጦ ሥር ገብተን ተኛን። አሥር ሰዓት ሲሆን ከጫካው አንድ ወንድ ድኩላ ወጣ። ጠቆር ያለ፣ ቀንዱ ትንሽ የተጠማዘዘ፣ ጫፉ ሹል። ይራመዳል ይቆማል፣ ይራመዳል ይቆማል። ባሻ አይታያቸውም።

"ምን ታያለህ?" ይላሉ በጆሮዬ።

"ቀንዱን።"

"ቀንዱን ምን ልታደርገው ነው! ትከሻውን ፈልግ!"

የተሞረደችዋን ነው ያጎረስኩት። አልነገርኳቸውም። ትከሻውን አገኘሁ፣ ትንፋሼን ያዝኩ፣ ምላጩን ሳብኩ። ድኩላው ድፍት! ልክ ጋሽ ብርሃኑ እንዳለው፣ አንድ እርምጃ የለም። ልቤ ጭንቅላቴ ላይ ወጣ። "ጣልኩት! ባሻ ጣልኩት!" እያልኩ ሮጥኩ። ባሻ ቢላቸውን መዘው ከኋላዬ፣ ኦቦ ፈይሳ ከእሳቸው ኋላ።

ደረስን። ባሻ ተንበረከኩ። ሣር ነጨት አደረጉና በሣሩ ጫፍ የድኩላውን ዓይን ነኩ። ነፍስ ያለው እንደሆነ ዓይኑ ይርገበገባል። ዓይኑ ዝም አለ። እንደገና ነኩ። ዝም። ከዚያ ትከሻውን በእጃቸው ዳሰሱ፣ እጃቸውም ገባ። የሚገርማችሁ፣ ትከሻ የሚባል አልነበረም፤ ውስጡ ሁሉ ቡኮ ሆኗል።

"ጥይቷን ምን አደረግካት?" አሉኝ።

"ሞረድኳት።"

ይቆጡኛል ስል ቀስ ብለው "አይ ሀብቴ" አሉ። ትእዛዝ አልነበረም። በሕይወቴ ባሻ ያለ ትእዛዝ ሲናገሩ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን የምነግራችሁን ለሰው አውርቼው አላውቅም። "ባሻ" አልኳቸው፣ "አሁን አንገቱን ብንቆርጠው ማን ያውቃል?"

ባሻ ኦቦ ፈይሳን አዩት፣ ኦቦ ፈይሳ ጫማዬን አየ። ከዚያ ባሻ ቢላዋን አዙረው እጀታዋን ሰጡኝ። "እኔ እንደምታውቀው ዓይኔ ደክሟል" አሉ፣ እና ፊታቸውን ወደ ተራራው መለሱ።

ቢላዋን አንገቱ ላይ አደረግኩ። ገና ይሞቃል። ደሙ ግን ቆሟል። እንግዶቹን አላሰብኩም፣ እውነቱን ልንገራችሁ። አቶ ሽብሩንም አላሰብኩም። ያሰብኩት ዘነበችን ነው፤ "ወንድሜ ያመጣው ነው" ብላ ለሙሽራው ስታጎርሰው። እሷ ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ ያበላኋትን ከየት መጣ ሳትለኝ ነው የበላችው። ቢላዋን መለስኩላቸው።

ኦቦ ፈይሳ ድኩላውን በእግሩ ይዞ ወደ ገደሉ ጎተተው። "ምን ይደረግ፣ ዛሬ ሠርጉ የጅብ ነው" አለ። ባሻ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ይህ ሁሉ ሲሆን እንጨት የተሸከሙ ሴቶች በመንገዱ ይወርዱ ነበር። አንዷ ከነሸክሟ ቆመችና "ምን ሞተባችሁ?" አለች። ኦቦ ፈይሳ የሆዱን የማይደብቅ ሰው ነው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ "ድኩላ ነው! ባሻ ያመጣው ልጅ ለእህቱ ሠርግ ብሎ ገደለው፣ ሳይባረክ ሞተ!" አላት። እሷም "ወይኔ!" አለችና መንገዷን ቀጠለች። ቁልቁል፣ ወደ ኮልፌ።

አደርን። እንቅልፍ ስለሚባለው ነገር አትጠይቁኝ። ቅዳሜ ሳይነጋ እዚያው ቁጥቋጦ ሥር ነን። የቀረችኝ አንዲት ጥይት ናት፣ ሞረድ ያልነካት። ባሻ ተቀበሉኝና በጣታቸው ራሷን ዳሰሱ። ድቡልቡል መሆኗን አረጋገጡና መለሱልኝ።

ሲነጋጋ ሁለተኛው መጣ። ኦቦ ፈይሳ እንዳለው፣ ተራውን ጠብቆ። ከትናንቱ ይተልቃል። ጭጋጉ ውስጥ አንዴ ይታየኛል አንዴ ይጠፋል። ጎመኑን ሲነክስ ጎኑን ሰጠኝ። ተኮስኩ።

እንደ ሰው ተቀመጠ! አልዋሻችሁም፤ የፊት እግሩ ተሰብሮ በኋላ እግሮቹ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ሊነሳ ሞከረ።

"ሩጥ!" አሉ ባሻ። ያ ድምፅ ተመለሰ! "ሩጥ! ከኋላው ያዝ! ከኋላው!"

እኔ የሰማሁት ሩጥ የሚለውን ብቻ ነው። ቢላዋን ከባሻ ተቀብዬ ሮጥኩ፣ እና በፊቱ በኩል ደረስኩ። የቆሰለ ድኩላ በግ አይደለም ልጆች። አንገቱን ዝቅ አደረገና ቀና ሲል አንዱ ቀንዱ ጭኔ ውስጥ ገባ። አላመመኝም። ያኔ አላመመኝም። ሁለቱንም ቀንድ ጨምድጄ ያዝኩት፣ እሱ ይገፋኛል፣ እኔ እገፋዋለሁ፣ ጎመኑ ላይ ተያይዘን ወደቅን። ኦቦ ፈይሳ ደረሰና ድኩላው ወገብ ላይ ተቀመጠ። "ጎመኔ! ጎመኔን ጨረሳችሁት!" ይላል ከላይ ሆኖ። አንገቱን ወደ ምሥራቅ አዞርነው። በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አልኩ። ድምፄ ከየት እንደወጣ አላውቅም። ደሙ እጄ ላይ ሞቆ ፈሰሰ።

አለቀስኩ አልላችሁም። ባሻ ግን ደርሰው አዩኝና "አፍንጫህን ጥረግ!" ብለው አዘዙኝ።

ገፈፍነው፣ በለትነው፣ ኦቦ ፈይሳ አህያውን ሰጠን። እሱ ጎመኑን ሊያነሳ ቀረ፤ ምን የቀረ ጎመን ካለ። ጭኔን በጨርቅ ጠምጥሜ አሰርኩ፣ ሱሪዬን ከላይ ለበስኩ። ለባሻም ቧጨረኝ ነው ያልኳቸው። ለምን ትሉኝ ይሆናል። እንጃ። ቁስሌን ማሳየት አልወድም፣ ያኔም አልወድም ነበር። እንደዚያ እያነከስኩ ኮልፌ ድረስ ወረድኩ።

አሥር ሰዓት ላይ ደጃፋችን ስንደርስ ዘነበች ቆማ ትጠብቃለች። ፊቷ አመድ መስሏል። ሥጋውን አየችና አልሳቀችም።

"ሀብቴ፣ ሰው የሚያወራውን ሰምተሃል?"

"ምን ያወራል?"

"እንጨት የሚሸጡት ሴቶች ናቸው ያመጡት። ሀብቴ የሞተ ድኩላ ለሠርግ ጭኖ እየመጣ ነው እያሉ ገበያውን ሞሉት። አቶ ሽብሩ ጋ ደርሷል። እሳቸው ራሳቸው እየመጡ ነው።"

ቃሏን ሳትጨርስ መጡ። ከዘራቸውን ይዘው፣ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው። ሰው ተከትሏቸው መጣ፣ ግቢው ሞላ። አቶ ሽብሩ ሥጋውን ዞር ብለው አዩና ወደ እኔ መጡ። አልጮሁም። የማይጮህ ሰው ነው የሚያስፈራው።

"ልጄ፣ ይህ እንዴት ነው የሞተው?"

"ታርዶ ነው።"

"ትናንት ሳይባረክ የሞተ ድኩላ ነበረ ይባላል።"

"ነበረ።"

ሰዉ አጉረመረመ። ዘነበች ዓይኗን ጨፈነች።

"እሱስ?"

"ገደል ተጣለ። ይህ ሌላ ነው። የዛሬ ጠዋት ነው።"

"ማን አየ?"

"እኔ አይቻለሁ!" አሉ ባሻ፣ ቀጥ ብለው ቆመው።

"ይመር፣ አንተማ እንኳን ድኩላ የኔም ፊት ከአምስት ክንድ ወዲያ አይታይህም" አሏቸው አቶ ሽብሩ። ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። "ደግሞ ወዳጁ ነህ። ለወዳጅህ ብትመሰክር አልፈርድብህም። ልጄ፣ ስማኝ። ሁለት ዓመት የፈለገ ሰው አንድ ድኩላ አያገኝም፣ አንተ በአንድ ሌሊት ልዩነት ሁለት አገኘሁ ትለኛለህ። ልጅቷን እንደ ልጄ ነው የማያት። ግን ነገ ይህን ሥጋ ለማኅበርተኞቼ ሳቀርብ በምን ልማል?"

ምን እላለሁ? ትናንት አንገቱ ላይ ቢላ ያሳረፍኩ ሰው እኔ ነኝ። በእኔ ማሉ ብል በራሴ አፍር ነበር። ዘነበች ዓይኗን ገልጣ መሬት መሬት ታይ ነበርና፣

"ሀብቴ፣ እግርህ!" አለች።

ደሙ በሱሪዬ ወርዶ ጫማዬን ሞልቶ አፈሩ ላይ ፈሶ ነበር።

"የሥጋው ደም ነው" አልኩ።

"የሥጋ ደም ከሱሪ ውስጥ አይወርድም" አሉ አቶ ሽብሩ። "አሳይ።"

"ምንም አይደል አባቴ።"

"አሳይ አልኩህ!"

"ሱሪህን አውልቅ!" አሉ ባሻ ደግሞ። ትእዛዝ ነው።

እንግዲህ አስቡት። ነገ ሠርግ ነው፤ የሙሽራው አባት፣ ሁለት ሽማግሌ፣ የሰፈሩ ሴቶች በሙሉ፣ አህያው ጭምር ቆሟል። ሱሪዬን አወለቅኩ። ጨርቁን ፈታሁ። አቶ ሽብሩ ከዘራቸውን ለሽማግሌው ሰጡና ጎንበስ አሉ። የቆዳ ነጋዴ ናቸው፤ ቆዳ ላይ ያለ ቀዳዳ ምን እንደበሳው ከማንም በላይ ያውቃሉ። በጣታቸው ዙሪያውን ነኩት።

"ይህ የቢላ አይደለም። የብረትም አይደለም። ቀንድ ነው። መቼ ወጋህ?"

"ላርደው ስይዘው። ከፊት በኩል ሄድኩበት።"

"ከኋላው ብዬው ነበር!" አሉ ባሻ።

አቶ ሽብሩ እዚያው እንደተንበረከኩ ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቁ! ያ ሰው ሲስቅ ማንም አይቶት አያውቅም ነበር።

"ሰዎች!" አሉ። "እኔ ብዙ በክት አይቻለሁ። ሰው የሚወጋ በክት ግን ገና አላየሁም!"

ግቢው በሳቅ ፈነዳ፣ ሴቶቹ እልል አሉ። አቶ ሽብሩ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ጭኔን በእጃቸው አሰሩልኝ፤ አጥብቀው፣ አባት እንደሚያስረው። እኔ በአባት እጅ ከተነካሁ... እሱን እለፉት። "ነገ የመጀመሪያውን ጉርሻ የምጎርሰው እኔ ነኝ፣ ማኅበርተኞቼ እያዩ" አሉ። እንዳሉትም ጎረሱ። ሥጋው ደግሞ ምን ልበላችሁ፣ ጠንካራ ነበር፤ ሰው ሲያኝክ ዋለ። ማንም ግን ወላጅ የላትም አላለም።

— እና አባባ፣ እትዬ ዘነበች ይህን ሁሉ ያውቃሉ?

ከዚያች ከቢላዋ ነገር በቀር ሁሉን ታውቃለች! ስድስት ልጅ ወልዳ፣ የልጅ ልጅ አይታ፣ ዛሬም ሰው "ወንድምሽ እንዴት ዳረሽ?" ሲላት ስለ ጥይቱም፣ ስለ ድኩላውም፣ ስለ እኔ ጭንም አንድ ቃል አትናገርም።

— ታዲያ ምን ይላሉ?

"ሱሪውን አውልቆ" ትላለች። ይኸው ነው። አሁንም ሳቁ እንግዲህ፣ ምን ቀራችሁ!